«በራስዎ ቃል ይንገሩኝ»፦ መካከለኛ ደረጃ ጣሊያንኛን በዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ዝርዝር መመሪያ

ጣሊያን አገር ለመጀመሪያው የቃል ፈተናዬ ስቀርብ ሠላሳ ገጽ የሚሆን ማስታወሻ በቃሌ ይዤ ነበር። መምህሩ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እኔም ገጹን እንዳለ መውረድ ጀመርኩ። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ እጃቸውን አንሥተው «ኮን ፓሮሌ ሱዌ» አሉኝ። «በራስዎ ቃል» ማለታቸው ነው። የራሴ ቃል አልነበረኝም። ሰዋስው አውቅ ነበር፤ ጋዜጣ አነብ ነበር፤ ያነበብኩትን ግን ከፊቴ ለተቀመጠ ሰው መተረክ አልቻልኩም። በሚቀጥለው የፈተና ዙር ተመልሼ አለፍኩ። በሁለቱ ፈተናዎች መካከል የሠራሁትን ነው እዚህ የማስቀምጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተማሪዎችን ሳግዝ ያየሁትንም ጨምሬበታለሁ።

መመሪያው የጀማሪዎችን ትምህርት ለጨረሱ ነው። ሰላምታ፣ ገበያ፣ የቤተሰብ ወግ አልፋችሁ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክና ማኅበረሰብ በጣሊያንኛ ማጥናት ስትጀምሩ ማለት ነው። በጣሊያንኛ የሚሰጡ የጣሊያን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ደረጃ በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ቢ2 የሚባለው ነው። ስለዚህ መንገዱ ከቢ1 ወደ ቢ2 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. የሚል ታያላችሁ።

1. መጀመሪያ ድምፃችሁን ቅዱ

ስልካችሁን አውጡና ያለ ማስታወሻ ለሦስት ደቂቃ ተናገሩ። ርእሱ ሁለት ክፍል ይኑረው፤ ባለፈው እሑድ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ያ ቀን ቢደገም ደግሞ ምን ታደርጉ እንደነበር። የመጀመሪያው ክፍል ኃላፊ ጊዜን ያስወጣል፤ ሁለተኛው ያልሆነውን ነገር የምንናገርበትን የግሥ መልክ ያስወጣል። መካከለኛ ደረጃ ማለት ከሞላ ጎደል እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ከዚያ የቀዳችሁትን ቃል በቃል ወደ ወረቀት ገልብጡ፤ ስሕተቱን ሳታርሙ፣ «እ…» ያላችሁበትን ሳይቀር። በቀይ የግሡን ስሕተት፣ በሰማያዊ የጾታና የብዙ ቁጥሩን ስሕተት፣ በአረንጓዴ ደግሞ ቃል ያጣችሁበትን ቦታ አስምሩ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሆኖም ከየትኛውም የምደባ ፈተና በላይ ይነግራችኋል፤ ወረቀቱ የያዘው የእናንተን ስሕተት እንጂ የመጽሐፉን ስሕተት አይደለምና። ወረቀቱን አኑሩት፤ በየአራት ሳምንቱ በዚያው ርእስ እንደገና ቅዱ።

2. ጆሯችሁን እመኑ፣ እጃችሁን ግን አስተምሩ

ቀጥሎ ያለውን የጣሊያንኛ መማሪያ መጻሕፍት አይነግሯችሁም፤ ለአማርኛ ተናጋሪ አልተጻፉምና።

አማርኛ ድምፅን ያጠብቃል፣ ያላላል። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ይበላል፤ ጠብቆ ሲነበብ ምግቡ ይበላል። «ገና» ላልቶ እስካሁን ማለት ነው፤ ጠብቆ የልደት በዓል ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አያሳይም፤ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳዋል። ጣሊያንኛም እንዲሁ ያጠብቃል፣ ያላላል፤ እነርሱ ግን የጠበቀውን ድምፅ ፊደሉን ደግመው ይጽፉታል። «ፓላ» ላልቶ አካፋ፣ ጠብቆ ኳስ ነው። «ሴቴ» ላልቶ ጥማት፣ ጠብቆ ሰባት። «ኖኖ» ላልቶ ዘጠነኛ፣ ጠብቆ ወንድ አያት። «ካፔሎ» ደግሞ የ«ፔ» ድምፅ ሲላላ ፀጉር፣ ሲጠብቅ ባርኔጣ ይሆናል።

እንግሊዝኛ አፉን የፈታ የክፍል ጓደኛችሁ ይህን ለመስማት ወራት ይለፋል። እናንተ ግን ከእናታችሁ ጋር ስታወሩ ስትሰሙት የኖራችሁት ነገር ነው። ችግሩ ሲጻፍ ነው፤ እጃችን መደጋገም አልለመደምና የጠበቀውን በአንድ ፊደል እንጽፈዋለን። መድኃኒቱ የቃል ጽሕፈት ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አሥር ደቂቃ፣ ከሬዲዮ አንድ አንቀጽ ሰምታችሁ ጻፉ። የጣሊያን ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ራይ፣ ራይፕሌይ ሳውንድ በሚባለው የድምፅ መተግበሪያው ብዙ ዝግጅት በነፃ ያቀርባል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ የተደገሙትን ፊደላት ብቻ ቁጠሩ፤ ሌላውን ስሕተት ለጊዜው ተዉት።

በመካከለኛ ደረጃ ይህ ጉዳይ የቃል ብቻ አይደለም፤ ወደ ሰዋስውም ይገባል። «ፓርሌሬሞ» የመጨረሻው «ሞ» ላልቶ ሲነገር «እንናገራለን»፣ ለወደፊት ነው። ጠብቆ ሲነገር «እንናገር ነበር»፣ ሁኔታው ቢፈቅድ ማለት ነው። በአንድ ድምፅ መጥበቅ ተስፋው ወደ ምኞት ይለወጣል። በፈተና ላይ ይህን አሳስተው የተናገሩትን ሳያውቁ የሚወጡ ብዙ ናቸው።

ከኛ ወገን የሚመጡ ሁለት የአነጋገር ልማዶችንም አርሙ። «ግራትሲዬ» (አመሰግናለሁ) ስንል የኛን «ጸ» እናስገባለን። የኛ «ጸ» ግን የሚፈነዳ ድምፅ ነው፤ የእነርሱ «ት»ንና «ስ»ን አጣብቆ ያለ ፍንዳታ ይወጣል። ሁለተኛው፣ «ስትራዳ» (መንገድ) ስንል በተነባቢዎቹ መካከል ቀጭን «እ» እናስገባለን፤ እነርሱ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ያወጧቸዋል። «ኝ» እና «ች» በእጃችን ስላሉ በእነርሱ ጊዜ አታጥፉ።

3. ቤታችን ያደሩትን ቃላት ወደ ደብተር አግቡ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መካኒክ ዘንድ ግማሽ ቀን የዋለ ሰው ሳያውቀው የጣሊያንኛ ትምህርት ተከታትሏል። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ። ግንበኛው ዘንድ ደግሞ ፌሮ፣ ላሜራ፣ ቱቦ፣ ጀሶ አሉ። ቁም ሣጥናችን ውስጥ ካልሲ፣ ጓንቲና ካናቴራ አሉ። መንገዱ ላይ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ፌርማታ። አመጣጣቸው የሚያስደስት ብቻ አይደለም፤ ወረራው ያመጣቸው አሉ፣ በኤርትራ በኩል የገቡም አሉ፣ ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀሩ ባለሙያዎች ያስተማሯቸውም አሉ። ለተማሪ ግን የተከፈለበት ሀብት ናቸው።

ደብተራችሁን ሦስት ዓምድ ስጡት፤ አማርኛው፣ ጣሊያንኛው ከነጾታ አመልካቹ፣ ብዙ ቁጥሩ። «ላ ካንዴላ» በመጀመሪያ ትርጉሟ ሻማ ናት፤ የመኪናዋ ካንዴላ ከዚያ የመጣች ናት። «ላ ፍሬቻ» ፍላጻ ናት፤ የመታጠፊያው መብራት የፍላጻን ስም ወሰደ። «ጓንቲ» ደግሞ ዱሮውንም ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው «ጓንቶ» ነው፤ እኛ «ጓንቲዎች» ስንል በብዙ ላይ ብዙ ጨምረናል። «ካዛንቺስ» ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል፤ «ካዜ» የ«ካዛ» ብዙ ቁጥር ነው፣ ቤቶች ማለት ነው። «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ብሔራዊ ተቋም አሕጽሮተ ስም ነው። ስለዚህ በ«ኦ» የሚያልቅ ወንድ ስም በ«ኢ»፣ በ«አ» የሚያልቅ ሴት ስም በ«ኤ» እንደሚበዛ ከጓንቲና ከካዛንቺስ ታስታውሳላችሁ። ማኪያቶም ግሥ ነው፤ «ማኪያሬ» ማለት ማቆሸሽ፣ ነጥብ ማሳረፍ ነው፤ ማኪያቶ ወተት ነጥብ ያሳረፈበት ቡና ነው። ጣሊያን ውስጥ ብታዙት ትንሽ ወተት የነካው ቡና በትንሽ ስኒ ይመጣላችኋል። «ላቴ» ብቻ ካላችሁ የሚመጣው ወተት ነው።

4. ከሰዋስው አራት ነገር ምረጡ

የመካከለኛ ደረጃ መጽሐፍ ሃያ ርእስ ይዞ ይመጣል። ሁሉንም እኩል የያዘ ሰው አንዱንም በአፉ አያወጣውም። እኔ አራቱን ብቻ አስቀድማለሁ፤ አራቱም አማርኛችን በር የሚከፍትላቸው ናቸው።

አንደኛው የሁለቱ ኃላፊ ጊዜዎች ልዩነት ነው። «ሄደ» እና «ይሄድ ነበር» የሚለውን የምንለይ ሰዎች «ፓሳቶ ፕሮሲሞ»ን ከ«ኢምፔርፌቶ» ለመለየት መቸገር የለብንም። አልቆ የተዘጋው ድርጊት ለመጀመሪያው፣ ይደጋገም የነበረው ወይም ለሌላ ድርጊት መደብ የሆነው ለሁለተኛው ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ትርጉማቸውን በሚለውጡ ግሦች ላይ ነው። «ሳፔቮ» አውቅ ነበር ማለት ነው፤ «ኦ ሳፑቶ» ግን ሰማሁ፣ ወሬው ደረሰኝ ማለት ነው። «ኮኖሼቮ» አውቀው ነበር፤ «ኦ ኮኖሹቶ» ተዋወቅሁት። እነዚህን አራቱን በዓረፍተ ነገር አስገብታችሁ ደጋግሙ።

ሁለተኛው «ኮንጁንቲቮ» ነው፤ ተማሪ ሁሉ የሚፈራው። እኔ ፍርሃቱ የለቀቀኝ አንድ ቀን «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» የሚለውን የራሴን ቋንቋ በትኩረት ባዳመጥኩ ጊዜ ነው። «ትመጣለህ እፈልጋለሁ» አንልም። ጥገኛው ሐረግ ውስጥ ግሡ የዋናውን ግሥ መልክ ይጥላል። «ቮሊዮ ኬ ቱ ቬንጋ» የሚለው ይኸው ነው፤ «ቬንጋ» የኛ «እንድትመጣ» ናት። «የደከመው ይመስለኛል» ለማለትም «ፔንሶ ኬ ሲያ ስታንኮ» ነው። ልዩነታችን እርግጠኝነት ላይ ነው። «እንደደከመው አውቃለሁ» ስንል አማርኛችን ግሡን ጥገኛ እንዳደረገው ይቆያል፤ ጣሊያንኛ ግን ያወቀውን ነገር ሲናገር ወደ ተራው ግሥ ይመለሳል፤ «ሶ ኬ ኤ ስታንኮ» ይላል። ስለዚህ ግሡን ከማርባታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ አውቃለሁ ወይስ ይመስለኛል፣ እፈልጋለሁ፣ እፈራለሁ?

ሦስተኛው «ቢሆን» የምንልበት ዓረፍተ ነገር ነው። እዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች እንደ ተስማሙ ወንድማማቾች ናቸው። «ጊዜ ካለኝ እመጣለሁ» ማለት «ሴ ኦ ቴምፖ፣ ቬንጎ»። «ጊዜ ቢኖረኝ እመጣ ነበር» ማለት «ሴ አቬሲ ቴምፖ፣ ቬሬይ»። «ጊዜ ኖሮኝ ቢሆን ኖሮ እመጣ ነበር» ማለት ደግሞ «ሴ አቬሲ አቩቶ ቴምፖ፣ ሳሬይ ቬኑቶ»። የኛ «ካ»፣ «ቢ» እና «ቢ… ኖሮ» ሦስቱን ደረጃዎች በየተራ ይሸፍናሉ። መካድ የሌለበት አንድ ሕግ አለ፤ ከ«ሴ» ቀጥሎ «አቭሬይ» አይመጣም። ጣሊያናውያን ራሳቸው ልጆቻቸውን በዚህ ይገሥጻሉ።

አራተኛው ተውላጠ ስሞች ሲጣመሩ ነው። እኛ «አመጣልሃለሁ» ብለን ሰውየውን በግሡ ውስጥ አስገብተን ዕቃውን ዝም እንለዋለን። እነርሱ ሁለቱንም ይጠራሉ፤ «ቴ ሎ ፖርቶ»። «ስንት ወንድም አለህ?» ሲባል «ሁለት አለኝ» ብለን እንጨርሳለን፤ ጣሊያንኛ ግን «ኔ ኦ ዱዌ» ይላል፤ «ኔ» ከተባለው ነገር ውስጥ ማለት ናት። ይህችን ትንሽ ቃል መርሳት የኛ ሰዎች መለያ ነው። ለአንድ ሳምንት ሙሉ ቁጥር በጠራችሁ ቁጥር «ኔ» እያላችሁ ተናገሩ።

«ፓሳቶ ሬሞቶ» የሚባለውን የሩቅ ኃላፊ ጊዜ ለመናገር አትድከሙ፤ ለንባብ ግን የግድ ነው። የታሪክና የሥነ ጽሑፍ መጻሕፍት በእርሱ የተጻፉ ናቸውና «ፉ» (ነበረ)፣ «ናክዌ» (ተወለደ)፣ «ሞሪ» (ሞተ)፣ «ስክሪሴ» (ጻፈ)፣ «ዲሴ» (አለ)፣ «ቬኔ» (መጣ) የሚሉትን የሦስተኛ መደብ መልኮች ሠላሳ ያህል ሰብስባችሁ ስታዩአቸው እንድታውቁ ብቻ ልመዱ።

ስለ አክብሮት አንድ ነገር። መምህር፣ ጸሐፊ፣ የማታውቁት ትልቅ ሰው «ሌይ» ይባላል፤ ግሡም በሦስተኛ መደብ ነጠላ ይሄዳል። «እርስዎ» የሚል ቋንቋ ያለን ሰዎች የጨዋነቱ ስሜት ይገባናል፤ ስለዚህ «ቱ» ብሎ መምህርን መጥራት ለኛ ይቅርታ የለውም። የፋሺስት መንግሥት በ1938 «ሌይ»ን ከልክሎ «ቮይ» በሉ ብሎ ነበር። አገዛዙ ሲወድቅ ሕዝቡ ወደ «ሌይ» ተመለሰ፤ በደቡብ ጣሊያን ግን «ቮይ» ከዚያም በፊት የነበረ ስለሆነ ሽማግሌዎች አፍ ላይ ዛሬም ትሰሙታላችሁ።

5. ሁለት አጫጭር ጽሑፎችን እስኪደክማችሁ አንብቡ

ብዙ ገጽ ላይ ላዩን ማንበብ በዚህ ደረጃ አይጠቅምም። እኔ የምመክረው ሁለት ጽሑፍ ነው።

የመጀመሪያው የጣሊያን ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ነው። ከጥር 1 ቀን 1948 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ 139 አንቀጾች ያሉት ሰነድ ነው፤ ተራው ዜጋ እንዲረዳው ታስቦ በግልጽ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት አንቀጾች ውሰዱ፤ መሠረታዊ መርሆዎቹ እነርሱ ናቸው። በቀን አንድ አንቀጽ፤ አንዴ ያለ መዝገበ ቃላት፣ አንዴ ትሬካኒ የሚባለውን ነፃ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ይዛችሁ በጣሊያንኛ ለጣሊያንኛ፣ በመጨረሻ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ድምፅ እያሰማችሁ በራሳችሁ ቃል። አንቀጽ 11 ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። ጣሊያን የሌሎችን ሕዝቦች ነፃነት ለማጥቃት የሚውል ጦርነትን «ሪፑዲያ» ይላል። ይህ ግሥ «አትቀበልም» ብቻ አይደለም፤ ሰው ሚስቱን ፈትቶ፣ ክዶ ሲያሰናብት የሚባልበት ቃል ነው። በ1935 ኢትዮጵያን የወረረች አገር ከዚያ በኋላ ይህን ግሥ ለምን እንደመረጠች መጠየቅ የኛ ተማሪ ድርሻ ነው፤ ጥሩ መምህር በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል።

ሁለተኛው ጽሑፍ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነው፤ ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ነው። በትምህርት ቤት ታሪኩን ሁላችንም ተምረናል፤ ጣሊያንኛውን በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣሊያንኛው «ኮንሴንቴ ዲ ሴርቪርሲ» ይላል፤ በጣሊያን መንግሥት ለመጠቀም ይስማማል፣ ፈቃዱን ይሰጣል ማለት ነው። አንዱ በር ይከፍታል፤ ሌላው ውል ያስገባል። እንደገና ስታነቡት ደግሞ «አቬሴ» የምትል ቃል ታገኛላችሁ፤ «ሊኖረው የሚችል ጉዳይ ሁሉ» ለማለት የገባች ኮንጁንቲቮ ናት። ትናንት በሠንጠረዥ ያጠናችኋት ግሥ በአገራችሁ ዕጣ ላይ ተጽፋ ስታገኟት ከእንግዲህ አትረሷትም።

ከዚህ አንቀጽ የምሰጠው መልመጃ ይህ ነው። አምስት ዓረፍተ ነገር በጣሊያንኛ ተናገሩ። ሁለቱ «ምኒልክ ውሉ እንዲህ የሚል መስሏቸው ነበር» በሚል ይጀምሩ፤ በዚህ ኮንጁንቲቮ ትሠራላችሁ። ሁለቱ «የጣሊያንኛው ጽሑፍ ‹ይችላል› የሚለውን ግሥ ተጠቅሞ ቢሆን ኖሮ» ብለው ይጀምሩ፤ በዚህ ሦስተኛውን የ«ሴ» ደረጃ ትሠራላችሁ። አምስተኛው የራሳችሁ ፍርድ ይሁን። እኔ ያሠራኋቸው ተማሪዎች ለሳምንታት በመጽሐፍ መልመጃ ያልያዙትን ሰዋስው በዚህ አንድ ምሽት ሲይዙት አይቻለሁ፤ የሚከራከሩለት ነገር ስላገኙ ነው።

6. ባህሉን በአንድ ጥያቄ ክር ሰብስቡ

«የጣሊያን ባህል» የሚል ኮርስ ከዳንቴ እስከ ፋሽን ሁሉን ይዞ ይመጣል። ከብዛቱ የሚያድናችሁ አንድ ጥያቄ ይዞ ሴሚስተሩን መዝለቅ ነው። እኔ ይዤው የዘለቅሁት፣ የሚላኖ ሰውና የፓሌርሞ ሰው ዛሬ እንዴት ተግባቡ የሚለው ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጣሊያን በ1861 አንድ መንግሥት ስትሆን ጣሊያንኛን በዕለት ኑሮው የሚናገር ሕዝብ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ሌላው በየአካባቢው ቋንቋ ነበር የሚኖረው። የጽሑፉ ቋንቋ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የፍሎሬንስ ጸሐፊዎች፣ በዳንቴ፣ በፔትራርካና በቦካቾ ላይ ቆሞ ነበር። በ1583 ፍሎሬንስ ውስጥ የተመሠረተው አካዴሚያ ዴላ ክሩስካ በ1612 መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ ያንን ቋንቋ መለኪያ አደረገው። ከዚያ አሌሳንድሮ ማንዞኒ የሚላኖ ሰው ሆኖ ሳለ ታላቁን ልብ ወለዱን እንደገና ጽፎ በዘመኑ የፍሎሬንስ ንግግር አቃናው፤ ይህንንም «ልብሴን በአርኖ ወንዝ አጠብኩት» በሚል ዓይነት አባባል ገልጾታል። ከዚያ ትምህርት ቤት መጣ፣ የወታደር ምልመላ መጣ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ፋብሪካዎች ፍልሰት መጣ። በጥር 1954 መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት ተጀመረ፤ ቋንቋው ከመጽሐፍ ወጥቶ ቡና ቤት ገባ። እያንዳንዱ የኮርሳችሁ ሳምንት በዚህ ክር ላይ ይሰካል። ብዙ ቋንቋ ባለበት አገር ላደገ ተማሪ ደግሞ ጥያቄው የሩቅ ሰው ጥያቄ አይደለም።

በዚህ የተነሣ ከጦርነቱ በኋላ የመጡትን የኒዮሪያሊዝም ፊልሞች ስታዩ ካልገባችሁ አትደንግጡ። ተራ ሰዎችን ከመንገድ አምጥተው ስላሠሩ፣ በየአካባቢው ንግግር የተሞሉ ናቸው። በጣሊያንኛ የግርጌ ጽሑፍ እዩአቸው፤ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ግን ፊልም አየን እንጂ ቋንቋ ተማርን አትበሉ።

ሌላው ክር የኛና የእነርሱ ታሪክ ነው። ሮም ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንክዌቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ በዚያ የሚያልፈው ሕዝብ አብዛኛው ይህን አያስበውም። በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 ተመልሶ በ2008 ቆሟል፤ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በጦርነቱ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ያመነው በ1996 ነው። ታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ለዚህ እውነት ዕድሜውን ሙሉ ተሟግቷል። ለሴሚስተር ጽሑፍ ርእስ ካጣችሁ እዚህ ፈልጉ፤ አማርኛም ጣሊያንኛም የሚያነብ ተማሪ ሁለቱን ወገን የሚያይበት ዕድል አለው፤ ይህ ዕድል ለብዙ ጣሊያናዊ ተማሪ የለውም።

7. ሳምንቱን እንዲህ ክፈሉት

በጣሊያን ዩኒቨርሲቲ አንድ የትምህርት ክሬዲት 25 ሰዓት የሥራ ጊዜ ነው፤ ክፍል ውስጥ የምታሳልፉትም ብቻችሁን የምታጠኑትም ተደምሮ። ስለዚህ ስድስት ክሬዲት ያለው ኮርስ 150 ሰዓት ይጠይቃችኋል። ግማሹን ያህል አፍን በመክፈት አሳልፉት እላለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የቃል ጽሕፈቱ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከአራቱ ሰዋስዎች አንዱ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር፤ በየቀኑ አንድ ንባብ ተገልብጦ በቃል፤ ቅዳሜ ሙሉ የሳምንቱን ትምህርት ለሰው መተረክ። የሚሰማችሁ ሰው ጣሊያንኛ የሚችል ቢሆን መልካም ነው፤ ባይችልም ድምፃችሁን ቅዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ የጣሊያን የባህል ተቋም አለ፤ ጣሊያን ላላችሁ ደግሞ አማርኛ መማር የሚፈልግ ጣሊያናዊ ፈልጉ። በኔፕልስ «ሎሪየንታሌ» ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ይሰጣል፤ ግማሽ ሰዓት በአማርኛ፣ ግማሽ ሰዓት በጣሊያንኛ መለዋወጥ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

የምስክር ወረቀት ካስፈለጋችሁ ሲየና የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ቺልስ፣ ፔሩጃ የሚሰጠው ቼሊ፣ የዳንቴ አሊጊየሪ ማኅበር የሚሰጠው ፕሊዳ አሉ። የምትገቡበት ዩኒቨርሲቲ የትኛውን እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

8. የቃል ፈተናው

የጣሊያን የቃል ፈተና ለሕዝብ ክፍት ነው። ይህን ባለማወቄ የመጀመሪያውን ፈተናዬን በጨለማ ገባሁበት። የእናንተ ተራ ሳይደርስ በፊት ባለው ዙር ሄዳችሁ ከኋላ ተቀመጡና አድምጡ። መምህሩ በምን ይጀምራሉ? መቼ ያቋርጣሉ? የትኛውን ጥያቄ ይደጋግማሉ? የአንድ ጠዋት ማዳመጥ የብዙ ቀን ጭንቀት ያስቀራል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ርእስ «ስካሌታ» አዘጋጁ፤ ትንሽ መሰላል ማለት ነው፣ የንግግር መዋቅር። አምስት እርከን ይበቃል፤ በየእርከኑ ከአንድ ቃል በላይ አትጻፉ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ አፋችሁ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል፤ እኔን የጣለኝ ይኸው ነው። በእርከኖቹ መካከል የምትሻገሩባቸውን ቃላት ግን በቃል ያዙ፤ «ኢናንዚቱቶ» (ከሁሉ አስቀድሞ)፣ «ኢኖልትሬ» (በተጨማሪም)፣ «ቱታቪያ» (ይሁን እንጂ)፣ «ፔር ኳንቶ ሪጓርዳ» (…ን በተመለከተ)፣ «ዱንክዌ» (እንግዲህ)። «ኢንፋቲ» የሚለውን የቀደመውን ለማጽናት ብቻ ተጠቀሙበት፤ ለመቃወም አይሆንም። ሐሳብ ሲጠፋባችሁ ዝም ከማለት «ሚ ላሺ ፔንሳሬ ኡን አቲሞ» በሉ፤ «አንድ አፍታ እንዳስብ ይፍቀዱልኝ» ነው። ጨዋነትም ነው፣ ሰዋስውም ነው።

ብዙ መምህራን «አ ፒያቼሬ» ብለው ይጀምራሉ፤ የወደዳችሁትን ርእስ አንሡ ማለት ነው። ይህ የተሰጣችሁ ስጦታ ነው፤ ያለ ዝግጅት አትቀበሉት። በጣም የምትወዱትን ሳይሆን ቀጣዩን ጥያቄ ወደምታውቁት ቦታ የሚጎትተውን ምረጡ። ስለ ቋንቋው ጥያቄ ጀምራችሁ ወደ 1861 ካደረሳችኋቸው የሚጠይቁት ስለ ውሕደቱ ነው፤ ያን ደግሞ አጥንታችሁታል።

ውጤቱ ከ30 ነው፤ ማለፊያው 18፤ ከሁሉ በላይ የሆነው «ትሬንታ ኤ ሎዴ»፣ ሠላሳ ከምስጋና ጋር ይባላል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የተሰጠውን ውጤት አልቀበልም ብሎ በሌላ ዙር የመመለስ መብት አለው። 19 ወይም 20 ሲሰጣችሁ ከስሜት ተነሥታችሁ አትመልሱ፤ ነፃ ትምህርት ወይም ስኮላርሺፕ ካላችሁ በዓመቱ መሰብሰብ ያለባችሁን ክሬዲት ከፈተናው በፊት አስልታችሁ ግቡ። እኔ ስመለስ መምህሩ ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ። ከወረቀቱ አምስት ቃል ብቻ ነበር ያስታወስኩት፤ በእነርሱ ላይ ተንጠላጥዬ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ራሴ አረምኩ። እጃቸውን አላነሡም።